የታወቀውን መምህር ደጅ ትቶ የወጣው ገበሬ

አንድ ሰው ነበረ። በሚያዝያ፣ የክረምቱ ጎርፍ ከመውረዱ በፊት፣ የሸለቆው ገበሬዎች የቦይ ሥራ እንዲማር መርጠው ላኩት። በአገሩ ሁሉ ስሙ ከሚጠራ መምህር ደጅ ደረሰ፤ ተቀበሉት፤ ምግብና ማደሪያም ሰጡት። መስከረም ሳይጠባ ግን በገዛ ፈቃዱ ትቶ ወጣ።

ጋሽ አንዳርጌ ወጋቸውን የጀመሩት እንዲህ ብለው ነው። የመስኖ ቦይ ሲያስቆፍሩ አርጅተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ለተጠየቁት ነገር በቀጥታ መልስ ሰጥተው አያውቁም። ከፊታቸው የተቀመጠችው ፍሬሰላም ከወልዲያ በታች ባለው ቆላ የአንድ ወረዳ ውሃ ቢሮ ባለሙያ ናት። ሥራ ስትጀምር አለቃዋ እሳቸው ነበሩ።

«ጋሼ፣ እኔ የጠየቅኩዎት ስለ ትምህርት ቤት ነው» አለች።

«ሰምቻለሁ። ጡረታ የወጣሁት እኔ ነኝ እንጂ ጆሮዬ አይደለም።»

ጥያቄዋ ይህ ነበር። በሕዝብ ፖሊሲና በዓለም አቀፍ ልማት ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ውጭ አገር ያሉ ሁለት ትምህርት ቤቶች መርጣለች። አንደኛው ዝነኛ ነው፤ ከእሱ የተመረቀ ሰው የትም ቢሄድ በር አይዘጋበትም ይባላል። ሁለተኛውን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው፤ ትምህርቱ ግን ከሥራዋ ጋር ይገጥማል። ቢሮው በዓመት ለአንድ ሠራተኛ ብቻ የትምህርት ፈቃድ ይሰጣል፤ ዘንድሮ ዕድሉ የእሷ ነው። የሚደግፈው ግን አንድ ማመልከቻ ብቻ ስለሆነ እስከ ዓርብ አንዱን ማስመዝገብ አለባት። ካልተሳካላት ዕድሉ ለሌላ ሰው ያልፋል፤ መቼ ተመልሶ እንደሚደርሳት ደግሞ ማንም አያውቅም።

ዝነኛው ትምህርት ቤት አመልካቾቹን ያሳለፉትን ችግር እንዲጽፉ ይጠይቃል። ፍሬሰላም ይህን በአንድ ቁጭታ ጨርሳዋለች። ስለ ድርቁ፣ ስላለቁት ከብቶች፣ እናቷ ውሃ ፍለጋ ስለሄደችበት መንገድ ጽፋለች። የቢሮ ባልደረባዋ ምንተስኖት አንብቦ፣ «ይሄማ ድንጋይ ያስለቅሳል! አንቺ ሻንጣሽን ብቻ ግዢ» ብሏታል። ሌላው ትምህርት ቤት የጠየቀው፣ የተሳተፈችበትን አንድ ውሳኔ እንድትናገርና የቱ ላይ እንደተበላሸ እንድታሳይ ነው። ለዚህኛው አንድ መስመር እንኳ አልጻፈችም።

ስለዚህ በልቧ ወደ ዝነኛው አዘንብላለች። ወደ ጋሽ አንዳርጌ የመጣችው «አበጀሽ» እንዲሏት ነው። እሳቸው ግን የጀመሩትን ቀጠሉ።

ያ ሰው ከአገሩ ሲነሳ የሸለቆው ሽማግሌዎች ተሰብስበው መከሩት። «ደህናውን ጋቢህን አትልበስ፤ የተቀደደውን ልበስ» አሉት። «ጎርፍ ስለምናግድበት ክትራችን አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ። ጎርፉን እንዴት እንደምንጠልፍ፣ ከቦዩ ራስጌና ግርጌ ያለው ገበሬ እንዴት እንደሚካፈለው አትናገር። ይህን ካወቁ ‹እናንተማ ሞልቶላችኋል› ብለው ይመልሱሃል።» ሽማግሌዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። እህል ሊያድሉ የሚመጡ መዝጋቢዎችን ለብዙ ዘመን ያዩ ሰዎች ናቸው። መዝጋቢ ሲመጣ ያላቸውን ላም ከጎረቤት ሸለቆ ደብቀው፣ ባዶ በረት ማሳየትን ለምደዋል። በሰው ደጅ መቆም ሲባል የሚያውቁት ይህንኑ ነው።

ሰውየውም እንደተመከረው አደረገ። የመምህሩ አጋፋሪ በሩ ላይ አስቁሞ፣ «ምን ጎደለህ?» አለው።

«ምን ያልጎደለኝ አለ ጌታዬ!» አለና ስለ ደረቀው ሸለቆ አወራ። አጋፋሪው አንገቱን እየነቀነቀ አስገባው።

መምህሩ ደግ ሰው ነበር፤ ይህ መካድ የለበትም። ደጁን የሚደግፉ ባለጸጎች በየጊዜው ይጎበኙታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር መምህሩ ሰውየውን ያስነሳውና፣ «በል ስለ ሸለቆህ ንገራቸው» ይለዋል። ሰውየው ይናገራል። እንግዶቹ ያዝናሉ። ሰውየው ነገሩን እየለመደው ሲሄድ የቱ ጋ ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርግ፣ የቱ ጋ ዝም እንደሚል አወቀ። አብረውት የሚማሩት፣ «አንተማ ተክነህበታል፤ ትናንት ያቺን ወይዘሮ መሐረቧን አስጨመቅሃት» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ክረምቱ እስኪጋመስ ግን ቦይ እንዲያይ የወሰደው፣ አካፋም ያስያዘው ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ከእንግዶቹ መካከል አንዱ፣ ገበሬ ሳይሆን አይቀርም፣ እጁን አንሥቶ ጠየቀው። «ጎርፍ ይመጣል ብለሃል። ሲመጣ ማን ቀድሞ ያጠጣል?»

ሰውየው አፉን ሊከፍት ሲል መምህሩ፣ «እሱን ተወውና የከብቶቹን እልቂት ንገራቸው» አለው።

 ሰውየው በዚያች ሰዓት አገሩ ላይ ጎርፍ እየወረደ እንደሚሆን አሰበ። ወንድሞቹ እሾህና ድንጋይ ተሸክመው ክትር ላይ ናቸው። ጎርፉ ሲያፈርስባቸው መልሰው ይሠራሉ፤ እንደገና ያፈርሳል፤ እንደገና ይሠራሉ። እሱ ደግሞ እዚህ ቆሞ ወንድሞቹ ምንም እንደማያውቁ ለእንግዶች ያወራል።

ከዚያ የተቀደደውን ጋቢ ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠ። ቀና ብሎም፣ «የጠየቁኝን ልመልስ» አለ። «መጀመሪያ የሚመጣው ጎርፍ የራስጌ ነው። ሁለተኛው ሲመጣ ፊተኛው ካቆመበት ማሳ ይጀምራል እንጂ ወደ ራስጌ አይመለስም። የራስጌ ሰው ተራውን ሰብሮ ቢጠልፍ፣ በሚቀጥለው ዓመት ክትር ሲሠራ በጣም ከባዱን ድንጋይ የሚሸከመው እሱ ነው። ይህን ያወጡት አያቶቻችን ናቸው። እኔም የውሃ አባት ሆኜ ተራውን አስጠብቄበታለሁ። ያቃተን አንድ ነገር ነው፤ ጎርፉ አሸዋ እያመጣ የቦዩን አፍ ይደፍንብናል። ልማር የመጣሁት እሱን ነበር።»

 አጋፋሪው ተጠግቶ፣ «ምን ነካህ ሰውዬ? እንጀራህን ልታጣ ነው?» ብሎ አንሾካሾከበት። መምህሩ አልተቆጣም፤ ግራ ገብቶት ብቻ ይመለከተው ነበር። ሰውየው እጅ ነሥቶ ወጣ።

በታችኛው አገር፣ በአሸዋማ ወንዝ ዳር፣ ብዙም ስሙ የማይነሳ ሌላ መምህር ነበረ። ሰውየው ሲደርስ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ አገኘው። መምህሩ ማን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቀው፣ «ቦያችሁ የሚደፈነው አፉ ላይ ነው ወይስ መታጠፊያው ላይ?» አለው። ሰውየው መለሰ። መምህሩ «ልክ አይደለህም» አለ። ሰውየው «ነኝ» አለ። ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ሲከራከሩ ዋሉ። ሲለያዩ መምህሩ፣ «ነገ አካፋህን ይዘህ ና» አለው።

ጋሽ አንዳርጌ ጨርሰው ወደ ፍሬሰላም ዞሩ።

«አሁን አንቺን ልጠይቅሽ» አሉ። «አምና የእማወራዎቹን የውሃ ተራ ከሌሊት ወደ ቀን ያዛወረው ማን ነው?»

«ቢሮው ነዋ።»

«ቢሮው እግር አለው እንዴ? በየቀበሌው የዞረው ማን ነው?»

ፍሬሰላም አቀረቀረች። እማወራዎቹ ባል የሌላቸው ሴቶች ናቸው፤ ተራቸው ሌሊት ላይ እየዋለ፣ በጨለማ ወጥተው ለማጠጣት ስለሚፈሩ ውሃቸውን ሌላ ሰው ይወስድባቸው ነበር። ደንቡን ለማስቀየር ክረምቱን ሙሉ ስብሰባ ተቀምጣለች። አንድ የራስጌ ገበሬ በሰው ፊት፣ «ይህቺ ልጅ ቀንና ሌሊትን ልትለዋውጥ መጣች እንዴ? ከእግዜር ጋር ተማክራለች?» ብሎ አስቆባታል። መጨረሻ ላይ ደንቡ ተቀየረ። በሁለት ቀበሌዎች ሠራ፤ በአንደኛው ግን ሴቶቹ ገበያ ከሚወጡበት የሸመታ ቀን ጋር ተጋጭቶ ፈረሰ።

«እሱ እኮ ሥራዬ ነው ጋሼ» አለች። «ምኑ ይጻፋል? ደግሞም ይህን ከጻፍኩ እርዳታ የማያስፈልጋት ይሉኛል።»

«ይኸውልሽ!» አሉ ጋሽ አንዳርጌ ጭናቸውን መታ አድርገው። «ሽማግሌዎቹ ያሉት ይህንኑ አይደለም? አንቺም ላምሽን ደብቀሽ ባዶውን በረት እያሳየሽ ነው። ያ ሰው ችግሩን መናገሩ ነውር አልነበረም፤ ችግሩ እውነት ነው፤ የእናትሽም መንገድ እውነት ነው። ጥፋቱ የሚያውቀውን መደበቁ ነው። በችግሩ ብቻ ያስገቡት ሰዎች ከችግሩ ሌላ ምንም አይጠይቁትም ነበር፤ ሌላ ነገር እንዳለው በምን ያውቃሉ? አንቺ አገሬው ያጸናውን ደንብ ያስቀየርሽ ሰው ነሽ። እንዲህ ያለ ሰው ለመማር ሲሄድ ቀና ብሎ ነው የሚሄደው። እኔ ያስተማርኳት ልጅ በተቀደደ ጋቢ በሰው በር ስትቆም አላይም!»

ይህን ሲሉ ዓይናቸው ውስጥ ያለው ቁጣ ብቻ እንዳልነበረ ፍሬሰላም አየች። አመስግናቸው ሄደች። ጋሽ አንዳርጌም ዝነኛውን ትምህርት ቤት እንደምትተው እርግጠኛ ነበሩ።

ዓርብ ዕለት ፍሬሰላም ቢሮ ገብታ ያስመዘገበችው ዝነኛውን ነው።

«ጥፋቱ የሚያውቀውን መደበቁ ነው» ያሉትን ይዛ ግን፣ ትምህርት ቤቱን ሳይሆን ጽሑፉን ቀየረች፤ የፊተኛውን ቀድዳ እንደ አዲስ ጻፈች። ያሳለፍኩት ችግር ብላ ስለ ቀን ተራው፣ ስለ ስብሰባዎቹ፣ ስለፈረሰባት ቀበሌና ለምን እንደፈረሰባት ጻፈች። ምንተስኖት አንብቦ፣ «እንባው የት ሄደ? አበላሸሽው» አላት። በየካቲት ለቃለ መጠይቅ ጠሯት። ሦስት መምህራን በቪዲዮ ጥሪ ተሰይመው አንድ ሰዓት ያህል ስለዚያች ቀበሌ ብቻ ጠየቋት፤ አንደኛዋ እንዲያውም አጥብቃ ተከራከረቻት። በሚያዝያ ተቀበሏት።

ወሬውን ለጋሽ አንዳርጌ ነገረቻቸው።

«ምሳሌዬን አበላሸሽብኝ» አሉ።

ያን ሳምንት ግን በከተማው ያገኙትን ሰው ሁሉ እያስቆሙ፣ ዝነኛው ትምህርት ቤት የገባችውን ልጅ ሥራ ያስተማሯት እሳቸው መሆናቸውን ሲናገሩ ሰነበቱ።