ያላፏጨው ጠርሙስ

አንድ ጎማ ጠጋኝ ነበረ።

ቆይ አስናቀ፣ ጥያቄህን አልረሳሁትም። «ሚስቴ ይህን ሁሉ ዘመን ስንቱን ችላ ኖራ፣ በእንግዳ ፊት ‹አንቺን ማን ጠየቀሽ› ስላልኳት ብቻ እንዴት ሻንጣዋን ይዛ እህቷ ቤት ትገባለች?» ነው ያልከኝ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ፍረድልኝ ብለሃል። መጀመሪያ የዚህን ሰውዬ ነገር ስማ፤ ከዚያ እንነጋገራለን።

ጎማ ጠጋኙ የሚኖረው የጭነት መኪኖች በሚያልፉባት አንዲት የመንገድ ዳር ከተማ ነበር። እጁ የቀና፣ ከሰው የሚግባባ፣ ክፉ አመል የማይታወቅበት ሰው ነው። ሌላው ከሥራ በኋላ ጠላ ቤት ሲቀመጥ ወይም ካርታ ሲጫወት እሱ አንድ ፍቅር ነበረው፤ ሮኬት። እንደምንሰማው ዓይነት የጦር ሮኬት አይደለም፤ ከለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ የሚሠራ ነው። የፕላስቲክ ጠርሙሱን ሲሶ ያህል ውሃ ይሞላዋል፤ ክንፍ ያወጣለታል፤ በአፉ ዘቅዝቆ ብረት ማስነሻ ላይ ይቆልፈዋል። ከዚያ ጎማ በሚነፋበት ኮምፕሬሰር አየር ያጭቅበታል። ሲባጎውን ስቦ መቆለፊያውን ሲለቀው የታመቀው አየር ውሃውን ቁልቁል ይተፋዋል፤ ጠርሙሱም ሽቅብ ይምዘገዘጋል። ከባሕር ዛፉ ጫፍ አልፎ ነጥብ ሲያህል የጎማ ጠጋኙም ልብ አብሮ ይወጣል።

በዚህ ነገር አንድ ጓደኛ ነበረው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ባለቤታቸው ከሞተች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎባቸው ነበርና፣ አንድ እሑድ ከከብት ገበያው ሜዳ ሆታ ሰምተው ምንድን ነው ብለው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ቀርተው አያውቁም። የበረራውን ከፍታ የሚለኩት እሳቸው ሆኑ። ከጣውላ የሠሩት የማዕዘን መለኪያ ነበራቸው፤ እሱን ይዘው ርቀው ይቆሙና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠርሙሱን ይከተሉታል። «ዛሬስ የባሕር ዛፉን እጥፍ ወጥቷል» ሲሉ ጎማ ጠጋኙ ጎልማሳነቱን ረስቶ ይፈነጥዛል። መምህሩ ልጅ አልወለዱም፤ እሱም አባቱን በልጅነቱ ነው ያጣው። ሁለቱም ይህን አፍ አውጥተው ተናግረውት አያውቁም፤ ግን እሑድን ይጠብቋት ነበር።

አንድ ሕግ ነበራቸው። አየር መግባት ከጀመረ ማንም ወደ ጠርሙሱ አይጠጋም። የሚስተካከል ነገር ከተገኘ ኮምፕሬሰሩ ይጠፋል፣ አየሩ ከሩቅ ይለቀቃል፣ ከዚያ ብቻ ይጠጋሉ።

ጠርሙሶቹ ብዙ ናቸው፤ አመላቸውም ለየቅል ነው። አንዱ ገና ትንሽ ሲገባበት በአንገቱ ያፏጫል። ሌላው ይንጫጫል፣ ያንጠባጥባል። ጎማ ጠጋኙ ፉጨት በሰማ ቁጥር አየሩን ያስተነፍስለታል፣ የአፉን ጎማ ይለውጥለታል፣ «ይሄ አይችልም፤ አናስጨንቀው» ብሎ ለቀላል በረራ ያቆየዋል። አንዱ ጠርሙስ ግን ምንም ቢያጭቅበት ዝም ነው። አያፏጭም፣ አያንጠባጥብም፣ ሲለቀቅ ቀጥ ብሎ ይወጣል። እንግዲህ አዲስ ከፍታ መሞከር ሲያምረው የሚያነሣው ማንን ይመስልሃል? ሌሎቹ ግማሽ ሲሸከሙ እሱ ሙሉውን ይሸከማል፤ አንዳንዴም ከሙሉው በላይ። «ይሄ የኔ ነው፤ አያሳፍረኝም» ይላል። ከበረራ ሲመለሱ አገላብጦ የሚመረምረው የሚያፏጩትን ነው። ዝምተኛውን ውሃውን አራግፎ መደርደሪያ ላይ ያቆመዋል።

አንድ እሑድ መምህሩ ያን ጠርሙስ ወደ ፀሐይ አንሥተው አዩት። ከአንገቱ ሥርና ከወገቡ ላይ፣ መስታወት ይመስል የነበረው ፕላስቲክ ነጣ ነጣ ብሎ ቀጫጭን መስመር አውጥቷል።

«ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ቧጨራ ነው መምህር። ሲወርድ ድንጋይ ላይ ያርፋል እኮ።»

«ጣቴን ሳሳርፍበት አይሻክረኝም። ከውስጥ የመጣ ነው የሚመስለው።»

«ባለፈው እሑድ ከሁሉም በላይ የወጣው ማን ሆነና? ደክሞ ቢሆን ይወጣ ነበር?»

መምህሩ ክርክር አይወዱም፤ ዝም አሉ። ጎማ ጠጋኙን ግን መስመሩ ቅር አሰኘው። የሚወደው ነገር ላይ ነጭ ነገር ማየቱ ነው እንጂ ሌላ ስጋት አልገባውም። ቤቱ ሲደርስ ቀይ ፕላስተር አወጣና ከአንገቱ እስከ ወገቡ አሳምሮ ጠቀለለው። በእውነትም አማረበት። ያየው ሁሉ አደነቀው፤ እሱም መስመሩን ረሳው። ጠርሙሱ በዚያው ጌጡ ጥቂት እሑዶች ሙሉውን እየተሸከመ ወጣ።

ከፋሲካ በኋላ የመምህሩ እህት ከባሏ ጋር ከሩቅ አገር ልትጠይቃቸው መጣች። «እስኪ ወንድሜ እሑድ እሑድ የሚጠፋበትን ነገር አሳዩን» አለች። ሁሉም ወደ ሜዳው ሄዱ። የዚያን ቀን ነፋስ ነበር። ጎማ ጠጋኙ «ከፍ ካለ ነፋሱ ይወስደዋል፤ ለእንግዳ ማያ ግማሽ ይበቃል» አለ። ለዚችም ለትንሿ በረራ ያነሣው ቀዩን ነበር። እንግዳ ፊት ነዋ የቆመው።

ኮምፕሬሰሩ ተነሣ። የአየር ግፊት መለኪያው መርፌ ቀስ እያለች መውጣት ጀመረች። በዚህ መሃል ነፋሱ ማስነሻውን ወደ አንድ ጎን አዘመመው።

«ልጄ፣ አጥፋውና ላቃናው» አሉ መምህሩ።

ጎማ ጠጋኙ መለኪያውን አየ። ግማሽ እንኳ አልደረሰም። ማጥፋት፣ ማስተንፈስ፣ እንደገና መሙላት፣ እንግዳ ማስጠበቅ ታየው። «ግድ የለም መምህር፣ ገና ነው። ገብተው ያቃኑት» አላቸው።

መምህሩ አመኑት። ሄደው ጎንበስ አሉና የማስነሻውን እግር ያዙ።

ጎማ ጠጋኝ ነውና ፍንዳታ ያውቃል፤ የጭነት መኪና ጎማ ሲፈነዳ ቆሞ የሰማ ሰው ነው። ይህኛው ግን ከጆሮው ይልቅ ደረቱ ውስጥ የገባ መሰለው። ውሃው እንደ ጉም ተበተነ። ጉሙ ሲገለጥ ማስነሻው ላይ ምንም የለም። መምህሩ ተንበርክከዋል፤ ሁለት እጃቸው ፊታቸው ላይ ነው። አልጮኹም። በጣቶቻቸው መሃል ደም ይወርዳል፤ በሸሚዛቸው እጅጌ ላይም ቀይ የፕላስተር ቁራጭ ተለጥፏል።

መሮጥ ነበረበት። አልሮጠም። እግሩ መሬቱ ላይ ተተክሎ ቀረ። ዞሮ መለኪያውን አየ፤ መርፌዋ ወርዳ ከዜሮ ላይ ተኝታለች። «ግማሽ አልሞላም ነበር» አለ። ማንንም አላናገረም፤ ለራሱ ነው። እየሮጠ የሄደው የእህታቸው ባል ነው፤ ደግፎ ያነሣቸው፣ መኪና ያስቆመውም እሱ ነው። ጎማ ጠጋኙን እጁን ይዘው መኪና ውስጥ ሲከቱት እንደ ሕፃን ገባ። ኮምፕሬሰሩ ማንም ሳያጠፋው ሜዳው ላይ እያጓራ ቀረ።

ሐኪም ቤት ደረሱ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ሐኪሙ ወጣና ቀኝ ዓይናቸው እንደማይተርፍ ነገራቸው።

«ግን እኮ ግማሽ እንኳ አልነበረም» አለ ጎማ ጠጋኙ።

ሐኪሙ ምን እንደሚል አልገባውም፤ ትከሻውን ነካ አድርጎት አለፈ። ጎማ ጠጋኙ ለነርሷም ይህንኑ ነገራት። ዞሮ ለመምህሩ እህት ነገራት፤ ሙሉውን ስንት ጊዜ እንደቻለ፣ ዛሬ ግን ግማሽ እንኳ እንዳልነበረ። እሷ ቀና ብላ አየችው።

«ወንድሜ ዓይኑ ጠፋ» አለችው። «አንተ የምን ግማሽ ነው የምታወራኝ?»

ሰበብ እየፈለገ አልነበረም፤ ይህን እወቅለት። አእምሮው አልቀበል ብሎት ነው። ትልቁን የቻለ ነገር በትንሹ እንዴት ይሰበራል? ስቶ እንደሆነ እያለ የመለኪያዋን መርፌ በልቡ ደጋግሞ ያያታል። አልሳተም ነበር። በእርግጥም ግማሽ አልሞላም።

ሱቁን ዘግቶ ሰነበተ። እህል አልበላ አለው። አንድ ጠዋት ግን ምክንያቱን ሳላውቅ አልኖርም ብሎ ተነሣ። ጠርሙስ አየር ሳይኖርበት ጢም ብሎ ውሃ ከተሞላ፣ ቢሰበርም ተሰንጥቆ ውሃውን ያፈሳል እንጂ እንደ ቦምብ አይበተንም። ያን ያውቃል። ስለዚህ የቀሩትን ጠርሙሶች አንድ በአንድ እስከ አፋቸው ውሃ ሞልቶ፣ ከግንብ ኋላ ሆኖ አጨቀባቸው። አዲሶቹ ቻሉ። ሲያባብላቸው የኖረው፣ እነዚያ የሚያፏጩት አሮጌዎቹም ቻሉ። ከቀዩ ቀጥሎ የሚመካበት አንድ ሌላ ጠርሙስ ነበረው፤ እሱም ከባድ በረራ ሲሸከም የኖረ ነው። መርፌዋ ግማሽ ሳትደርስ እሱ እንደ ቀዩ ባወጣው ነጭ መስመር ላይ ተተረተረ።

ጎማ ጠጋኙ መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ከሜዳው ይልቅ የባሰ የደነገጠው አሁን ነው። አየሩ በየእሑዱ ወጥቶ ያልቅ ነበር፤ መርፌዋም በየእሑዱ ወደ ዜሮ ትመለስ ነበር። እሱም ሁሉ ነገር ከመርፌዋ ጋር አብሮ ወደ ዜሮ የተመለሰ ይመስለው ነበር። ጠርሙሱ ግን አልተመለሰም። እያንዳንዱ ጭነት ትንሽ ለጥጦት፣ ትንሽ አቅጥኖት ነው የሄደው። ቀዩ ጠርሙስ የዚያን ቀን የተሸከመው ግማሹን ብቻ አልነበረም፤ ያለፉትንም እሑዶች ሁሉ ነበር። በእነዚያ እሑዶች ከፍታውን እያዩ ስንት ጊዜ ስቀው ነበር።

መምህሩ ዘንድ ሄዶ እግራቸው ሥር ተንበረከከ። «መስመሩን ያሳዩኝ እርስዎ ነበሩ። እኔ ሸፈንኩት። ይግቡ ያልኩዎትም እኔ ነኝ» አላቸው።

መምህሩ በቀረችው ዓይናቸው አዩት። «ያየሁትን ለምን ዝም ብዬ ተውኩት እያልኩ እኔም እተክዛለሁ» አሉ። «ተነሥ ልጄ። ይቅር ብዬሃለሁ።»

ይቅርታቸው የከንፈር አልነበረም። የክረምቱ ዝናብ ሲያባራ እንደገና አብረው ሜዳው ሄዱ። ጎማ ጠጋኙ አሁን ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ የሚያፏጨውንም ዝም ያለውንም ወደ ፀሐይ አንሥቶ ያያል፤ የደከመውን ያሳርፋል። መምህሩም የጣውላ መለኪያቸውን በግራ ዓይናቸው መያዝ ተለማመዱ። ነገር ግን ኮምፕሬሰሩ በተነሣ ቁጥር፣ እሳቸው ራሳቸው ሳያውቁት፣ እጃቸው ወደ ፊታቸው ይሄዳል። ጎማ ጠጋኙ ይህን ያያል።

እንግዲህ አስናቀ፣ አንተም መለኪያህን ይዘህ ነው የመጣኸው። «አንቺን ማን ጠየቀሽ» ትንሽ ቃል ናት፤ አልክድህም። በመርፌዋ ግማሽ አትሞላም። አንተ የዚያን ቀኗን ቃል ብቻ መዝንልኝ ትለኛለህ፤ እኔ ግን ከዚያ በፊት የነበረውን እጠይቅሃለሁ። እናትህ ሲቆጡ ታባብላቸዋለህ። ልጅህ ሲያለቅስ ትሮጣለህ። ወንድምህ ሲያኮርፍ ሽማግሌ ትልክበታለህ። እነዚህ ያፏጫሉና ሰማሃቸው። ያቺ ዝም አለች፤ አንተም ሸክሙን ሁሉ ወደ እሷ አዞርከው። ወንድሞችህን ቤትህ ስታስገባ አላማከርካትም፤ እናትህን እሷ ስታስታምም ደከመሽ ወይ አላልካትም። «የኔ ሚስት ትችላለች» ስትል ግን ብዙ ጊዜ ሰምቼሃለሁ።

ባለፈው ዓመት «አብራኝ መብላት ተወች፣ ስጠይቃትም አጭር ነው መልሷ» ብለህ አጫውተኸኝ ነበር። ምን ሆነሽ ነው ብለህ ቁጭ አላልክም፤ የወርቅ ሀብል ገዛህላት። ሀብሉ አማረባት፤ አንተም ነገሩን ረሳኸው። በቤታችሁ ጠብ በበረደ ቁጥር አለፈ ትላለህ። ቁጣው በእርግጥ ከአንተ ወጥቶ አልፏል፤ ያረፈው ግን በእሷ ላይ ነው።

ሽማግሌ ሆኜ እህቷ ቤት እሄድልሃለሁ። ትመለስ አትመለስ እንደሆነ አላውቅም፤ ያ የእሷ ነው። አንተ ግን አብረኸኝ ስትመጣ «ለዚህች ቃል ብቻ» የምትለውን ነገር ከደጅ ጥለኸው ግባ። ጠይቃት፤ መናገር ስትጀምርም አታቋርጣት።

እስከዚያው ግን አንድ ነገር ያጽናናህ። ጠርሙስ እግር የለውም፤ የሚሰበረው በቆመበት ነው፤ የሚጎዳውም አጠገቡ ያለውን ነው። ሚስትህ ግን መድከሟን ከአንተ ቀድማ አወቀችና፣ ሳትሰበር በእግሯ ወጣች። አንተ ጥላኝ ሄደች ትላለህ። እኔ ደግሞ በቤትህ ማንም ዓይኑን ሳያጣ ሄደች እላለሁ።