«ይስጡልን» ያሉት ሽማግሌዎች

«አንድ ባለ ወፍጮ ነበረ» አሉ መምህር ቢተው።

ይህን ያሉት ተማሪያቸው ውብዓለም ላቀረበችላቸው ጥያቄ ነው። ክፍሉ ባዶ እስኪሆን ጠብቃ፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሣ እንዲህ ብላ ነበር፦ «አባቴ ስጠራው ይሰማኛል። የነገርኩትን ግን ሌላ አድርጎ ይመልስልኛል። ለጆሮው መሣሪያ ተገዝቶለት ነበር፤ አንድ ቀን አድርጎ አስቀመጠው። መምህር፣ ሰው ድምፅ እየሰማ ነገር የማይሰማው እንዴት ነው? ወይስ እኔን መስማት ሰልችቶት ነው?» መምህሩ ወንበር ስበው አስቀመጧትና ቀጠሉ።

ባለ ወፍጮው ዕድሜውን ሙሉ ከሞተሩ ጎን ቆሞ እህል የፈጨ ሰው ነው። ቅንድቡ በዱቄት ነጥቶ፣ ጆሮው ጩኸት ጠግቦ ኖረ። ጩኸት ደግሞ እንደ ብልህ ሌባ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይወስድም። መጀመሪያ የወፎች ድምፅ ጠፋ፤ ልብ አላለውም። ቀጥሎ ከሰው ንግግር ውስጥ ቀጫጭኖቹ ፊደላት ጠፉ። «ሰ» እና «ሸ» ተቀላቀሉበት። አንዲት ሴትዮ ጤፏን አስፈጭታ «ስንት ነው?» ብትለው «ሽንት ከሆነ ከጓሮ፣ ከአጥሩ ሥር» ብሎ በእጁ አመለከታት። ተራ የሚጠብቀው ሁሉ አውካካ። እሱም ምን እንደተባለ ሳያውቅ አብሮ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ያልሰማውን ሁሉ «እሺ፣ እሺ» እያለ ማለፍ ለመደ።

ሴት ልጁ ግድ ብላ ከተማ፣ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሟ ጆሮውን በመብራት አየችና «ኩክ ቢሆን ጠርጌ እሸኝዎት ነበር፤ መግል ቢሆንም መድኃኒት ነበረው» አለችው። «ይኼ ግን የጩኸት ጉዳት ነው። ጆሯችን ውስጥ እንደ ቡቃያ ያሉ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ። ቀጭኑን ድምፅ የሚቀበሉት በሩ አጠገብ የበቀሉት ናቸው። ከብት ማሳ ሲገባ መጀመሪያ የሚረግጠው የቱን ነው?»

«የበሩን» አለ ባለ ወፍጮው።

«የእርስዎም የተረገጠው እሱ ነው። ተመልሶም አይበቅልም።» ከዚያ የመስሚያ መሣሪያ ሰጠችው። «ይህ ድምፅ ያጎላል እንጂ ቡቃያ አይተክልም። ፀጥታ ባለበት ይጀምሩት፤ እስኪለምዱትም ይታገሡት» ብላ መከረችው።

እሱ ግን በማግስቱ አድርጎት ወፍጮ ቤት ገባ። ሞተሩ ሲነሣ ጭንቅላቱ ውስጥ የተነሣ መሰለው። አውልቆ ሣጥን ውስጥ ወረወረው።

እንግዲህ ይህቺ ልጁ የምትወደው አንድ አናጢ ነበረ። አናጢው እንደ ደንቡ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹም መጥተው «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ከደጅ ቆሙ። አንጋፋው ለአክብሮት አንገቱን ደፍቶ፣ አፉን በጋቢው ጫፍ ከልሎ፣ በለሰለሰ ድምፅ «ልጅዎን ለልጃችን ይስጡልን ብለን መጥተናል» አለ።

ባለ ወፍጮው የሰማው «ይሽጡልን» የሚል ነው።

«ልጄ በግ ናት እንዴ የምትሸጠው!» ብሎ ዱላውን አነሣ። ሽማግሌዎቹ እንዲህ ያለ ውርደት አይተው አያውቁም። ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ወጡ፤ «ሁለተኛ ይህን ደጅ ብንረግጥ እግራችን ይሰበር!» ብለውም ማሉ።

ልጅቷ ከጓዳ ሆና ሁሉን ሰምታለች። እየሮጠች መጥታ ፊቱ ቆመች። «አባዬ፣ ይስጡልን ነው እኮ ያሉት!»

«እኔስ ምን አልኩ? አልሸጥም!»

ደጋግማ ብትነግረውም ቃሉ አንድ ሆነበት። በመጨረሻ ዳቦ አምጥታ በሁለት እጇ መዳፉ ላይ አኖረችለት። «ይኼ መሸጥ ነው?» አለችው። ዳቦውን አየ፤ ቀጥሎ እንባዋን አየ። «ይስጡልን…» አለ ቀስ ብሎ። ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

መሣሪያውን ከሣጥን አወጣ። ቤት ውስጥ፣ በፀጥታ፣ ከልጁ ጋር እያወራ ለመደው። ከዚያም ማንም የልጅ አባት የማያደርገውን አደረገ፤ ራሱ ወደ አንጋፋው ሽማግሌ ቤት ሄደ። ሌሎቹንም እዚያው ተሰብስበው አገኛቸው። «ዛሬ ደጅ የምቆመው እኔ ነኝ» አላቸው። «ያን ቀን አልሰማሁም። ደንቆሮ ላለመባል ብዬ የሰማሁ መሰልኩ። ጉዳያችሁን ድገሙልኝ።»

የአንጋፋው ልብ ራራ። አንገቱን ደፋ፣ ጋቢውን ወደ አፉ አነሣ፣ ተናገረ። መሣሪያው የባለ ወፍጮው ጆሮ ላይ ነው፤ ቃሉ ግን ከጋቢው ወዲህ አልደረሰለትም። እንደ ልማዱ «እሺ» ሊል ምላሱ ላይ ደረሰ፤ ዋጠው።

«አባቴ፣ አላገኘሁትም። ጋቢዎን ከአፍዎ ዝቅ ያድርጉልኝ፤ ፊቴን እያዩ ይንገሩኝ።»

ሰዎቹ ተያዩ። ልጅ የሚለምን ሰው ዓይን ዓይን እያየ መናገሩ ድፍረት ነው። አንጋፋው ግን ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰ፤ ቀና ብሎም ቃሉን አንድ በአንድ አወጣው፦ «ልጅዎን… ለልጃችን… ይስጡልን።»

ባለ ወፍጮው በጆሮውም በዓይኑም ሰማ። «ሰጥቻለሁ» አለ። «ዋጋም አልጠራሁም!» ሽማግሌዎቹ እየሳቁ ይዘው አስቀመጡት።

መምህር ቢተው ወደ ውብዓለም ዞሩ።

«አየሽ ልጄ፣ አባትሽም እንደዚያ ሰው ነው። ጆሮውን ምን እንደጎዳው እኔ አላውቅም። ኩክም ሊሆን ይችላል፣ ዕድሜም፣ ጩኸትም፤ እሱን ሐኪም ይየው። መሣሪያውንም ቢሆን በአንድ ቀን አይፍረድበት፤ እንደ አዲስ ጫማ እየቆየ ነው የሚለመደው። ከአባትሽ የራቁት ፊደላት ናቸው እንጂ አንቺ አይደለሽም። አንቺ ደግሞ ጨዋ ልጅ ነሽ። አሁን እኔን እንዳናገርሽኝ፣ እሱንም የምታናግሪው አንገትሽን ደፍተሽ፣ ድምፅሽን ዋጥ አድርገሽ ነው። አክብሮትሽ እንደ ሽማግሌው ጋቢ ሆኖበታል። ሂጂና ፊት ለፊቱ ተቀመጪ። ጋቢሽን ዝቅ አድርጊለት።»