የአደባባዩ ግጥም የማን ነው?

በስፔን የሚኖረው የባስክ ሕዝብ ቋንቋ በአደባባይ እንዳይነገር በታገደበት በአንድ ወቅት፣ በአንዲት የባሕር ዳር ከተማ ጋራሲ የምትባል መረብ ጠጋኝ ነበረች። በከተማዋ ዓመታዊ በዓል ከሕዝቡ መሀል ቆማ ገጣሚውን ቤኛትን ትጠብቃለች። ቤኛት እንደ አገሩ ወግ ግጥሙን ሳይጽፍ፣ ሕዝብ ፊት ቆሞ በዜማ የሚፈጥር ሰው ነው። እንዲህ ያለ ገጣሚ አስቀድሞ የሚያስበው መዝጊያውን ስንኝ ነው።

በዚያ በዓል ቤኛት በመንግሥት ቋንቋ ብቻ እንዲገጥም ታዞ ነበር። እሱ ግን ቆቡን አውልቆ በእናቱ ቋንቋ ጀመረ።

«እናቴ በጡቷ ያጠባችኝ ቃል፣
በማን ትእዛዝ ከአፌ ይነጠቃል?»

ከዚህ አላለፈም፤ ፖሊሶች ጎትተው ወሰዱት።

ጋራሲ ሰው ፊት ዘፍና አታውቅም። ያን ቀን ግን ዜማውን ከተቋረጠበት አነሳችው።

«ዓሣ አጥማጅ በማዕበል ይጣራበታል፣
ሕፃን በእንቅልፉ ይስቅበታል፣»

መዝጊያው ጠፋት። ያን ጊዜ ላንደር ከኋላ ድምፁን አሰማ። ላንደር የቤኛት ተፎካካሪ ገጣሚ ነው፤ ሰላምታ እንኳ ከተለዋወጡ ዓመታት አልፈዋል።

«ያሰረንም ነገ የልጅ ልጁን እሹሩሩ ይልበታል።»

ሕዝቡ ተቀብሎ ዘመረው፤ ግጥሙም ከሸለቆ ሸለቆ ተዛመተ።

ቤኛት ከዓመታት በኋላ ሲፈታ ጋራሲ ልትቀበለው ሄደች።

«መዝጊያህ ምን ነበር?» አለችው።

«እኔ የጀመርኩትን ወደ ሌላ መዝጊያ ልወስደው ነበር» አላት። «የላንደርን ግን የእስር ቤት ጠባቂዬ ሲያንጎራጉረው ሰምቻለሁ። የእኔ ከእኔው ጋር ይቅር።»

እገዳው ሲነሳ ከተማዋ ግጥሙን በአደባባዩ ድንጋይ ላይ ለማስቀረጽ ወሰነች። በአገሩ ልማድ ደግሞ አንድ ግጥም አንድ ስም ብቻ ነው የሚይዘው።

«የላንደር ስም ይቀረጽ» አለ ቤኛት። «ሕዝቡ ግጥሙን ያልረሳው በመዝጊያው ነው።»

«እሱ እስር ቤት ሲያድር እኔ ቤቴ ገብቼ እራቴን በልቻለሁ» አለ ላንደር። «የቤኛት ነው።»

ጋራሲ ግን ለእኔ አይገባም አላለችም። «እኔ ዝም ብል ኖሮ የቤኛት ሁለት ስንኝ እዚያው ይቀር ነበር፤ ላንደርም የሚዘጋው አያገኝም ነበር» አለች፤ አንገቷንም አልደፋችም።

ሦስቱም እውነት ተናገሩ። ድንጋይ ጠራቢው መሮውን ይዞ ቆሟል። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ የማንን ስም ይቅረጽ?