መስኮት ላይ የተቀመጠው ቆብ

አንድ ጡረታ የወጣ ስኮትላንዳዊ እግር ኳስ ተጫዋች ነበር። ታሪኩን ከሰማሁት ስለቆየ የሰዎቹን ስም ወይም የነገሩን ቅደም ተከተል አዛብቼ ሊሆን ይችላል። እንደማስታውሰው ግን እንዲህ ነው።

ሰውየው ፊንሌይ ይባላል። በወጣትነቱ በግራ ክንፍ የሚሮጥ ፈጣን ተጫዋች ነበር፤ ለስኮትላንድ ብሔራዊ ቡድንም ሦስት ጊዜ ተሰልፏል። ሦስቱም ጨዋታዎች የተደረጉት ባሕር ተሻግሮ በሩቅ አገር ነው። በዚያ ዘመን ለብሔራዊ ቡድኑ የተጫወተ ሰው ዘርፍ ያለው የከፋይ ቆብ ይሸለም ነበር። ቆቡ የሚሰጠው ግን ከጎረቤቶቻቸው ከእንግሊዝ፣ ከዌልስ ወይም ከሰሜን አየርላንድ ጋር ለተጫወተ ብቻ ነበር። ሌላው ጨዋታ ለቆብ አይቆጠርም። ስለዚህ ፊንሌይ ሦስት ጊዜ ተጫውቶ ያለ ቆብ ቀረ።

ፊንሌይ በሚኖርበት የወደብ ከተማ ጠባብ መንገድ ላይ ሙርዶ የሚባል የቀድሞ ተከላካይ ይኖራል። ሁለቱ በአንድ ክለብ አብረው አድገው፣ ከዚያው ክለብ አብረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ሙርዶ ለአገሩ የተጫወተው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጨዋታው ግን ከዌልስ ጋር ስለነበር ቆብ አገኘ። ሚስቱ ኢሶቤል ቆቡን በመንገዱ በኩል ባለው መስኮት ላይ አስቀመጠችው። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል።

ፊንሌይ ግን ቆቡን ማየት አስጠላው። ዳቦ ቤቱ ከሙርዶ ቤት አለፍ ብሎ ነበር፤ እሱ ግን በዓሣ ገበያው ዞሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ በሌላ በኩል ይመጣል። በጨዋታ ዘመኑ የተጎዳው ጉልበቱ በዳገቱ ላይ ያሠቃየዋል። ዳቦ ሻጩ ለምን እንደሚዞር ያውቃል። ንፋስ በበረታ ቁጥር፣ "ፊንሌይ፣ ዛሬ ብርድ ነው። ራስህ ላይ ጣል የምታደርገው ነገር የለህም?" እያለ ይተርበዋል። ወረፋ የያዙት ይስቃሉ። ፊንሌይም አብሯቸው ይስቅና ዳቦውን ይዞ በዚያው በዳገቱ ይመለሳል።

ቤቱ ገብቶ ሲቀመጥ የሚታየው ያ ጨዋታ ነው። ሙርዶ ከዌልስ ጋር በተጫወተበት ቀን ፊንሌይ ሳይመረጥ ቀርቶ፣ ቲኬት ገዝቶ ከተመልካቹ መሀል ተቀምጦ ነበር። ሌሎቹ ኳሷን ሲከተሉ እሱ ዓይኑን ከጓደኛው ላይ አልነቀለም። ሙርዶ ኳስ በነካ ቁጥር እንዲሳሳት ይመኝ ነበር። ሙርዶ ግን አልተሳሳተም።

ዓመታት አልፈው ሙርዶ መርሳት ጀመረ። ሐኪሞቹ ዕድሜውን ሙሉ በቴስታ የመታቸው ኳሶች ሳይጎዱት እንዳልቀሩ ተናገሩ። መጀመሪያ የመንገዶች ስም ጠፋበት፤ ቀጥሎ የልጆቹ። አንድ ቀን ጠዋት ኢሶቤል የፊንሌይን በር አንኳኳች። መድኃኒት ገዝታ እስክትመለስ ከባሏ ጋር እንዲቀመጥላት ለመነችው። ፊንሌይ እምቢ ማለት ፈልጎ ነበር፤ ምክንያት ግን አጣ።

ሁለቱ አዛውንቶች ከመስኮቱ አጠገብ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሙርዶ ቆቡን ከመስኮቱ አነሣና አገላብጦ አየው።

"ይሄ የማን ነው?" አለ።

ፊንሌይ ዓይኑን ወደ መንገዱ አዞረ።

"ያንተ ነው አይደል?" አለ ሙርዶ። "ለአገር የተጫወትከው አንተ ነህ። በሬዲዮ ሰምቼሃለሁ። ስምህን ደጋግመው ሲጠሩት ሬዲዮውን ዘጋሁት። ከዚያ አላስችል ሲለኝ መልሼ ከፈትኩት። እንደዚያን ቀን በሰው ቀንቼ አላውቅም።"

ይህን ብሎ ቆቡን በፊንሌይ ራስ ላይ ደፋው። "ውሰደው። ለእኔ ምን ያደርግልኛል?"

ቆቡ ልኩ ነበር። ፊንሌይ በመስኮቱ መስተዋት ውስጥ ራሱን አየ። ዕድሜ ልኩን የተመኘው ነገር ራሱ ላይ ነው። በቤቱ ውስጥ ከእነሱ በቀር ሌላ ሰው የለም። ኢሶቤል ብትጠይቀው "ራሱ ሰጠኝ" ሊላት ይችላል፤ ውሸትም አይሆንበትም።

ቆቡን ሳያወልቅ ቆየ። ወዲያው ግን የሙርዶ ንግግር ተመልሶ መጣበትና ፈራ። ይህ ሰው የራሱን ጨዋታ ረስቷል፤ የራሱን ቆብ እንኳ አያውቀውም። በፊንሌይ መቅናቱን ግን አልረሳም። በሽታው የነበረውን ሁሉ ወስዶ ቅናቱን ትቶለታል። እኔስ እንዲህ ብታመም ምን ይቀርልኛል ብሎ አሰበ። የሚቀርለት ይህ መስኮትና ቅናቱ እንደሆነ ገባው።

ቆቡን አወለቀና በሙርዶ ራስ ላይ አደረገለት። "ያንተ ነው" አለው።

"የእኔ? ምን ሠርቼ?"

ፊንሌይ መናገር ጀመረ። በረኛው ወጥቶ ጎሉ ባዶ እንደነበር፣ ሙርዶ ከሩቅ ሮጦ መስመር ልታልፍ የነበረችውን ኳስ በቴስታ እንዳወጣት፣ ትከሻው ከጎሉ ብረት ጋር እንደተጋጨና ሕመሙን ላለማሳየት የጫማውን ክር እንዳሰረ ነገረው። ሲናገር ሁሉንም እንደሚያውቅ ለራሱም ገረመው። የሙርዶን መውደቅ ሲጠብቅ የዋለ ሰው በመሆኑ ያመለጠው ነገር አልነበረም።

"ጎበዝ ነበርኩ?" ሲል ሙርዶ ጠየቀ።

ፊንሌይ እውነቱን ነገረው። "ጎበዝ ነበርክ። እንድትሳሳት ስመኝ ዋልኩ፤ አልተሳሳትክም።"

ሙርዶ ሳቀ። "አንተም ቀንተህ ነበራ።"

"አሁንም እቀናለሁ" አለ ፊንሌይ።

ከዚያ በኋላ ኢሶቤል በወጣች ቁጥር እየመጣ ይቀመጣል። ሙርዶ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይጠይቃል፤ ፊንሌይም ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይነግረዋል። "ጎበዝ ነበርኩ?" የምትለው ጥያቄ ስትመጣ ቅናቱ መቀስቀሱን አልተወም። ዳቦ ለመግዛት ግን በዳገቱ መዞር ተወ። ዳቦ ሻጩ እንደ ልማዱ ስለ ብርዱ ሲያነሣበት፣ "ለብሼ አይቼዋለሁ። ልኬ ነው፤ ግን የሰው ነው" አለው።

የቀናንበትን ሰው ከወዳጆቹ ሁሉ ይበልጥ ነቅተን እናየዋለን። እንዲወድቅ ብለን ያየነው ሁሉ በእኛ ዘንድ ተቀምጧል፤ እሱ ራሱ ሊረሳው ይችላል። ከውስጣችን ቅናቱን ማውጣት ቢያቅተን እንኳ ያየነውን እውነት መናገር አያቅተንም። እርስዎስ የማንን መልካም ቀን በመራራ ዓይን ሲመለከቱ ኖረዋል? ጎበዝ እንደነበረ ነግረውት ያውቃሉ?

የሙርዶንና የፊንሌይን ስም ፈልጌ አላገኘሁም፤ ምናልባት ታሪኩን የነገረኝ ሰው ያወጣላቸው ይሆናል። ስለ ቆቡ ግን በኋላ አጣርቻለሁ። ደንቡ እውነት ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ከሌሎች አገሮች ጋር ተጫውተው ላልተሸለሙትም ቆብ እንዲሰጣቸው ተወሰነ። በሕይወት ላልቆዩት የተቀበሉላቸው ቤተሰቦቻቸው ናቸው።