የሐጂ ቡሽራ እጅና የጺም ዘይቱ

የከተማዋን ስም አልጠራም፤ የባለታሪኩ ዘመዶች ዛሬም አሉና። ግንብ አጥሯ ያረጀ፣ መንገዶቿ ሁለት የተጫኑ አህዮችን ጎን ለጎን የማያሳልፉ፣ ጁሙዓ በመጣ ቁጥር ከሩቅ ገጠር ሳይቀር ሰው የሚጎርፍባት ጥንታዊ ከተማ ነበረች ብል ይበቃል። በዚያች ከተማ፣ ከታላቁ መስጂድ በር ፊት ለፊት፣ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ ሽማግሌ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው።

ሱቋ የጺም ሱቅ ነበረች። የሂና ዱቄት ይሸጡባታል፣ ከወይራ እንጨት የተሠራ ማበጠሪያ፣ መቀስ፣ ሚስክ የሚሉት ሽቶ። ከሁሉም በላይ ግን የሚፈለገው ራሳቸው የሚያዘጋጁት የጺም ዘይት ነበር። ጥቁር አዝሙድና ሰሊጥ አስጨምቀው፣ አጥልለው፣ ሚስክ ጠብ ያደርጉበታል። ረመዳን ሲቃረብ ዘይቱን ፍለጋ የሚመጣው ሰው ለሶላት የሚጎርፍ እንጂ ሱቅ የመጣ አይመስልም ነበር።

ሐጂ ቡሽራ ዝም ብለው የሚሸጡ ሰው አይደሉም። ገዢውን አስቀምጠው፣ «ቆዳህ ይደርቃል ወይስ ይወዛል?» ብለው ይጠይቃሉ። «መጀመሪያ ክንድህ ላይ ቀብተህ አንድ ቀን ጠብቅ። ካላሳከከህ ለሶላት ታጥበህ ከውዱእ በኋላ ሦስት ጠብታ መዳፍህ ላይ አድርገህ፣ ከስሩ ጀምረህ እሸው፣ ከዚያ አበጥረው» ይላሉ። አንዳንዱን ደግሞ፣ «አንተ ዘይት አያስፈልግህም፤ ስትታጠብ ጣትህን እስከ ስሩ አስገባ፣ ይበቃሃል» ብለው ባዶ እጁን ይሸኙታል። ሽበትን በአንድ ሰዓት የሚያጠቁር ቀለም አምጡ ሲባሉ እምቢ አሉ። ቆዳ ያቃጥላል፤ ደግሞም ሽማግሌን ጎረምሳ አስመስሎ ሰው ቤት መላክ እሳቸው የሚያውቁት ንግድ አልነበረም። ለእያንዳንዱ ገዢ ደግሞ ሳይሰለቹ ይህን ይሉ ነበር፦ «ይህ ዘይት ጺም ያለሰልሳል፣ ማሳከክ ያስታግሳል፣ ፎረፎር ያጠፋል። ጺም ግን አያበቅልም። የሚያበቅል አላህ ነው።»

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ማን ይጠረጥራል? እሳቸውም ራሳቸውን ጠርጥረው አያውቁም ነበር። «ሪዝቄ፣ እንጀራዬ፣ ሐላል ነው» ብለው በሰላም የሚተኙ ሰው ነበሩ። የራሳቸው ጺም ደረታቸው ላይ የተኛ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ በስድሳ ስምንት ዓመታቸውም ግማሹ ገና ጥቁር የሆነ ነበር።

ዙበይር የሚባል ወጣት ኡስታዝ በዚያ ሰፈር ይኖር ነበር። ቁርኣንን በልቡ የያዘ፣ ሲቀራ መንገደኛ የሚያስቆም ልጅ ነው። የመስጂዱ ኢማም ሸህ ጧሃ ዓይናቸው ደክሞ ቦታቸውን ለእሱ ሊለቁ ፈለጉ፤ ሰጋጁ ጀማዓም ተስማማ። ዙበይር ግን የሦስት ወር ጊዜ ስጡኝ አለ። ምክንያቱን ለማንም አልተናገረም። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አገጩ ላይ ያሉት ፀጉሮች ግን ከጣት ቁጥር አያልፉም። አንድ ቀን ሸህ ጧሃን ተክቶ ሲያሰግድ አንድ እንግዳ፣ «አሰጋጅ አጥታችሁ ነው ልጅ ያቆማችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምቷል። ሰውየው ረስቶት ሄደ፤ እሱ ግን አልረሳውም። በየወሩ ከሐጂ ቡሽራ ዘይት መግዛት የጀመረው ያኔ ነው።

ሦስቱ ወር ሊሞላ ሲል፣ አንድ ረቡዕ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ በሻል እስከ አፍንጫው ተሸፍኖ ሱቁ መጣ። ሐጂ ቡሽራ አስቀመጡት። ሻሉን ሲያወርድ አገጩ ቀልቷል፣ ቆዳው ተልጧል፤ የነበሩት ጥቂት ፀጉሮችም ሳስተዋል።

«ምን ነካህ ኡስታዝ?»

«ዘይቱን መጀመሪያ በቀን አንዴ ነበር የምቀባው። አልበቅል ሲለኝ ከየውዱኡ በኋላ አደረግኩት። ኋላ ደግሞ አንድ ሰው ነጭ ሽንኩርት ቀድመህ እሽበት አለኝ።»

«ነጭ ሽንኩርት ፊትህ ላይ» አሉ ሐጂ ቡሽራ በሐዘን።

«ለመሰናበት ነው የመጣሁ። ቆላ ወርጄ ልጆች ላስቀራ ነው። ለሸህ ጧሃ ነገ እነግራቸዋለሁ፤ ሌላ ኢማም ይፈልጉ።»

ሐጂ ቡሽራ ደነገጡ፤ ከድንጋጤያቸው ጋር ትንሽ ቁጣም መጣባቸው። «እኔ እኮ ነግሬህ ነበር፤ ጺም አያበቅልም ብዬሃለሁ፤ አንዴም ሁለቴም አይደለም።»

«ብለውኛል» አለ ዙበይር። አንገቱን ደፋ አደረገ። «አይቀየሙኝና ሐጂ፣ እንደዚያ ሲሉኝ ግን እጅዎ ጺምዎን ይደባብስ ነበር። ቃልዎን ሰማሁ፤ ያመንኩት እጅዎን ነው።»

ሽማግሌው አገጩን ቀርበው አዩለት። ሁሉንም ነገር እንዲተው፣ ለብ ባለ ውሃ ብቻ እንዲታጠብ፣ የእሬት ውሃ እንዲቀባ መከሩት። «ለሸህ ጧሃ አትንገራቸው፤ እስከ ጁሙዓ ቆይልኝ» አሉት። ልጁም የሽማግሌ ልመና ከብዶት እሺ አለ።

ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ልባቸው ሁለት ሆኖ ይሟገት ነበር። እኔ ምን አጠፋሁ? እውነቱን በግልጽ ተናግሬያለሁ፤ ሽንኩርቱንም ያዘዝኩት እኔ አይደለሁም። ቤት ሲደርሱ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘምዘም ጥቁር አዝሙድ በሰፌድ ይዘው ይለቅማሉ።

«ዘምዘም፣ ዘይት ስሸጥ ጺሜን እነካለሁ እንዴ?»

«ሳይነኩ ሸጠው ያውቃሉ?» አሉ ወይዘሮ ዘምዘም ከሰፌዱ ቀና ሳይሉ።

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«የሚያውቁት መስሎኝ።»

ይህች ቃል ከዙበይር ቃል ይልቅ ወጋቻቸው። ሰው ራሱን ሲመረምር የሚፈራው ያላወቀውን ጥፋት አይደለም፤ እያወቀ ዝም ያለውን ነው። ሐጂ ቡሽራ ያን ቀን ዱዓ ሲያደርጉ፣ ለካ እጃቸው ወደ ጺማቸው ስትሄድ የገዢው ዓይን ተከትሏት እንደሚሄድ፣ ከዚያም ገዢው እጁን ወደ ኪሱ እንደሚከት ዓመታት ሙሉ ያዩት ነገር መሆኑን ለጌታቸው አመኑ። ያን ዘይት ግን ጺማቸውን ቀብተውት አያውቁም። አባታቸውም አጎቶቻቸውም ዘይት ሳያዩ እንደዚያው ነበሩ።

ሐሙስ ለት ቀኝ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ሸጉጠው ሱቅ ዋሉ። ጠብ የሚል ነገር የለም፤ ገዢው አሁንም ጺማቸውን ያያል። አንዱን፣ «ይህ የማየው ጺም ከዘይቱ የመጣ አይደለም፤ ከአባቴ የወረስኩት ነው» አሉት። ሰውየው ሳቀና፣ «የእርስዎን ትሕትና ማን ያጣዋል ሐጂ፤ በሉ ሁለት ጠርሙስ ያድርጉልኝ» አለ። ሽማግሌው ጠርሙሱን ይዘው ቀሩ። እውነቱም ራሱ ገበያ ሆኖባቸው ነበር። ከዚህ በላይ አጥብቀው ቢናገሩ ደግሞ ቤታቸውን ሠላሳ ዓመት ያቆመው ንግድ፣ ያውም በረመዳን ዋዜማ፣ እንደሚፈርስ ያውቃሉ። ፈሩ። መፍራታቸውን እኔ አልደብቅም፤ ደግ ሰው የማይፈራ ከመሰለን ተሳስተናል።

ጁሙዓ ከሶላቱ በኋላ ሸህ ጧሃን አስፈቅደው ቆሙ። ጀማዓው ለመስጂዱ ምንጣፍ ሊለምኑ ነው ብሎ ወደ ኪሱ አየ።

«ወንድሞቼ» አሉ፣ «ከእኔ የጺም ዘይት የገዛችሁ ሰዎች አላችሁ። እሱን ዘይት እኔ ቀብቼው አላውቅም። ይህ ጺም የዘር ነው።»

ከመካከል አንዱ ፈገግ ብሎ፣ «አይ የሐጂ ትሕትና» አለ። ሌሎችም ተከትለው ፈገግ አሉ።

ሐጂ ቡሽራ በገበያ ላይ ምለው አያውቁም። ነጋዴ በመሐላ ሲሸጥ በረካው ይነሳል ብለው ስለሚያምኑ፣ ሲመረቁም ሲጠረጠሩም «ወላሂ» ከአፋቸው ወጥቶ የሰማ የለም። ያን ቀን ግን እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ።

«ወላሂ» አሉ፣ «አንዲት ጠብታ ነክቶኝ አያውቅም። ዘይቱ ለማሳከክ ደህና ነው፤ አንድም ፀጉር ግን አያበቅልም። ይህን በምላሴ ስነግራችሁ በእጄ ጺሜን እያሳየሁ ሸጬላችኋለሁ። በዚህ ምክንያት የተጎዳ ሰው በመካከላችን አለ። አውፍ ብሎ ይቅር እንዲለኝ በእናንተ ፊት እለምነዋለሁ። እኔ የፀጉሬን አንዷን እንኳ አላበቀልኳትም፤ እሱም ያልተሰጠውን አይጠየቅበትም። ያልተሰጠውን የሚጠይቁት ሰዎች ናቸው እንጂ አላህ አይደለም።»

ነጋዴ ሊሸጥ ሲምል የሰማው ጀማዓ፣ ላለመሸጥ ሲምል ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ማንም አልሳቀም። የተጎዳው ማን እንደሆነ ስሙን አልጠሩም፤ የጠየቃቸውም የለም። ዙበይር ከኋላ ሰልፍ ተነሣ። ሻሉን ከፊቱ አውርዶ፣ የተላጠ አገጩን ሰው ሁሉ እያየው፣ በሰዎቹ መካከል አልፎ መጣና የሽማግሌውን ትከሻ ሳመ። «አውፍ ብያለሁ ሐጂ» አለ። ሐጂ ቡሽራ አለቀሱ።

ብዙው ሰው ዐስርን እዚያው ሰግዶ ሊሄድ ቆየ። ለሶላቱ መቆሚያ ኢቃም ሲባል ሸህ ጧሃ ከአሰጋጁ ቦታ፣ ከሚህራቡ ፈቀቅ ብለው ወደ ዙበይር ተመለከቱ። ዙበይር ሻሉን አጥፎ አጠገቡ ላለ ሰው ሰጠና ወደ ፊት አለፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያ መስጂድ ኢማም እሱ ሆነ፤ ጺሙም እስከ መጨረሻው ያው ጥቂት ፀጉር ነበር ይባላል።

ዘይቱማ እንደተፈራው ሆነ። ያ ረመዳን ጠርሙሱ ከነአቧራው ተደርድሮ አለፈ። ወይዘሮ ዘምዘም የተረፈውን ጉልበታቸውን እያሹበት፣ «ለእኔስ በጀኝ» ይሉ ነበር። መምጣቱን ያልተወው የሚያሳክከው ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ጥቂት ነው። ቤቱ ጠበብ ብሎ ኖረ።

አንድ ጎረቤታቸው አዝኖላቸው፣ «ሐጂ፣ በአፍዎ እውነቱን ተናግረው ነበር እኮ። ከዚያ በላይ ምን አስጨነቀዎት?» ቢላቸው እንዲህ አሉት፦

«ነገ አላህ ፊት እጄ ከምትናገርብኝ፣ ዛሬ ጀማዓ ፊት እኔ ልናገርባት ብዬ ነው።»

ውሸት ተናግሬ አላውቅም የሚል ሰው ሞልቷል፤ ብዙዎቹም እውነታቸውን ነው። ደህና ደህናውን ቲማቲም ከላይ ደርድሮ ዝም ያለ ሻጭ ምን ዋሸ? ቃል አልወጣውም። ሐጂ ቡሽራ ያስተማሩን ግን ሰው የሚጠየቀው ስለተናገረው ብቻ ሳይሆን ስላሳመነው ነገርም መሆኑን ነው። ይህን ታሪክ በተናገርኩ ቁጥር ሰዎች መጥተው ያመሰግኑኛል፤ እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ «ኧረ እኔ ወንጀለኛ የአላህ ባሪያ ነኝ» እላቸዋለሁ። ቃሉ እውነት ነው። አንገቴን የምሰብረው ግን እንዳያምኑኝ ነው።