የጀልባዋ ሆድ ድንጋዮች

አንድ ሐይቅ ዳር ባለች ከተማ፣ ክንድ የማታህል ጀልባ እየሠሩ የሚያንሳፍፉ ሰዎች ማኅበር ነበራቸው። ሥራ ፈት እንዳይመስሏችሁ፤ አስተማሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ ጡረተኛው ሁሉ አለበት። በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ ጀልቦቻቸውን ከወዲህኛው ዳር ይለቁና የማን ቀድማ ወዲያ ማዶ እንደምትደርስ ያያሉ። አንዴ ከተለቀቀች የሚዘውራት የለም።

ማኅበሩ አንድ ልማድ ነበረው። ዓመቱን ሙሉ በየተራ ይጠራራሉ፤ መስቀል አንዱ ቤት፣ ገና ሌላው ቤት፣ ፋሲካም እንዲሁ። እንግዶቹ ሊሄዱ ሲነሱ ባለቤቱ ከደጁ ትንንሽ ድንጋይ ለቅሞ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ይሰጣል። ድንጋዮቹ ጀልባ ሆድ ውስጥ ይገባሉ። ታች ሲከብዳት ነፋስ አይገለብጣትም። ከሌላ ቦታ ድንጋይ ለቅሞ መጫን ግን ነውር ነበር።

ከሁሉም እጀ ወርቁ ቸርነት ነበር። ሚስቱ አልጋነሽ ከማረፏ በፊት፣ አልጋዋ ላይ ተደግፋ፣ ነጠላዋን ቀድዳ በመጨረሻ ለሠራት ጀልባ ሸራ ሰፍታለት ነበር፤ ጥለቱ ዳር ዳሩን ይዞራል። ጀልባዋንም በስሟ ጠራት። ለአንዴ እንኳ አልጋነሽ አንደኛ ሳትወጣ አልሞትም አለ።

ከለቅሶው በኋላ ግን ሰው ቤት መሄድ ተወ። ለመስቀል ሲጠሩት "አሞኛል"፣ ለገና ሲጠሩት "ሥራ በዛብኝ"። እውነቱ ሌላ ነው። ባልና ሚስት ተጎራርሶ ሲስቅ፣ እሱ አጠገብ ያለችው ወንበር ባዶ መሆኗን ማየት አልቻለም። አበልጁ ዳምጠው ከየግብዣው ሲመለስ የድርሻውን ድንጋይ ያመጣለታል። "እንካ፣ ያንተ ናት" ይለዋል። ቸርነት ይቀበልና አጥሩ ሥር ይጥላታል። ጀልባዋን ግቢው ውስጥ ባለ ገንዳ ሲሞክራት ባዶዋን በረረች። ድንጋይ ምን ያደርግልኛል? ውድድሩ ማለዳ ነው፤ ማለዳ ሐይቁ እንደሆነ ከሽውታ በቀር ነፋስ የለውም አለ። ልክ ነው፤ ኃይለኛው ነፋስ የሚነሳው ከቀትር በኋላ ነው።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። ሁሉም ተሰብስቦ አንድ ሰው ጎደለ፤ ለቅሶ ሊደርስ ሄዶ ኖሯል። የማኅበሩ ሊቀመንበር እትዬ ትርንጎ "ሰው ሳይሟላ ጀልባ አይለቀቅም" አሉ። ጠበቁ። ፀሐይዋ ከፍ አለች። ቸርነት ሐይቁን ያያል፣ ሰማዩን ያያል፣ አንድ ቦታ መቆም አቃተው።

"እትዬ፣ ለአንድ ሰው ተብሎ ይሄ ሁሉ ሰው ይቆማል?"

"አንተንም እኮ ጠበቅንህ" አሉት ዞር ብለው፣ "ዓመቱን ሙሉ።"

ሰውየው ሲመጣ ውሃው መሸብሸብ ጀምሯል። ዳምጠው የቸርነትን ጀልባ አየና ደነገጠ። ውሃው ላይ እንደ ቡሽ ተንሳፍፋለች።

"ቸርነት፣ ይቺ ባዶዋን ናት! በልጄ አምላክ፣ አትልቀቃት!"

"አትንካት" አለና ለቀቃት።

ወይ መፍጠን! ሌሎቹን ጥላቸው ሄደች፤ ሰው በጩኸት አበደ። መሐል ስትደርስ ኃይለኛው ነፋስ መጣ። አንዴ አዘመመች፣ ተቃናች። ሁለተኛው ሲመታት ግን በጎኗ ተኛች፤ ሸራው ውሃ ላይ ተነጠፈ። እዚያ መሐል የሰመጠ ነገር ወጥቶ አያውቅም።

"ኧረ በእመቤቴ! ነጠላዋ! ነጠላዋን ድረሱልኝ!" ቸርነት ከነልብሱ ገባ፤ ውሃው ደረቱ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ዋና አያውቅም። የዳምጠው የራሱ ጀልባ ሁለተኛ ሆና እየሄደች ነበር። ዞር ብሎም አላያት፤ ዳር የታሰረች ታንኳ ላይ ዘሎ መቅዘፍ ጀመረ። ሲደርስ ከላይ የቀረው ጥለቱ ብቻ ነበር። በእሱ ጎትቶ አወጣት።

ቸርነት ጀልባዋን አቅፎ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። በለቅሶዋ ቀን ያላለቀሰውን ያን ቀን አለቀሰው። ማንም አልሳቀበትም። "ክብደት ይጎትታታል ብዬ ነው" አለ በመጨረሻ።

"ይጎትታል እንጂ!" አሉ እትዬ ትርንጎ። "ከታች የሚጎትተው የሌለ ቀና ብሎ ይሄዳል ያለህ ማን ነው?"

ከዚያም ማዶ የደረሱት ጀልቦች ሲመጡ እትዬ ትርንጎ የራሳቸውን ከፈቱና አንድ ድንጋይ አወጡ። "ከዳምጠው ደጅ የተሰጠኝ ነው፤ እንካ" አሉት። ልብስ ሰፊው አወጣ፣ አስተማሪው አወጣ፣ ዳምጠውም አወጣ። የሁሉም ጀልባ በአንዳንድ ድንጋይ ቀለለች፤ የአልጋነሽ ሆድ ግን ሞላ።

ነፋሱ እየነፈሰ እንደገና ለቀቋት። ቀስ እያለች፣ እያዘመመች፣ እየተቃናች ሄደች። እስክትሻገር ድረስ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው የለም። ዋንጫውን ማን እንደወሰደ ዛሬ ብትጠይቁ የሚያስታውስ አታገኙም።

ለእንቁጣጣሽ ግብዣው ቸርነት ቤት ሆነ። እንግዳው ሲበዛ ወንበር ጠፋ። አጠገቡ ያለችውን ባዶ ወንበር ሁሉም እየፈራ ሲያልፋት፣ እትዬ ትርንጎ መጡና ዘፍ አሉባት። "ምን ትንዘረጠጣለህ፣ ጠጋ በል እንጂ!" ቸርነት ሳቀና ጠጋ አለ። ሲወጡም አጥሩ ሥር የከረሙትን ድንጋዮች አጥቦ አንዳንድ ሰጣቸው።

ለቅሶ መድረሱ፣ የታመመ መጠየቁ፣ ድግስ ሲጠሩ መሄዱ ሸክም ነው፤ ሸክም አይደለም የሚል ይዋሻል። ጊዜ ይበላል፣ ያደክማል። ውሃው ጸጥ ባለ ቀን ያለሱ የሚፈጥኑ ይመስላል። ግን ነፋሱ የሚመጣበትን ሰዓት የሚያውቅ ማን ነው?

እስቲ የራሳችሁን ጀልባ ክፈቱና እዩ፤ ከማን ደጅ የመጣ ድንጋይ አለባት? አጥራችሁ ሥር የጣላችሁትስ የማን ነው?