መሪጌታው የቆጠሩት ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን

አንዲት ሴት ነበረች። ኅዳር አምስት ቀን ጠዋት፣ ሆዷ እስከ ደረቷ ሞልቶ፣ ጓዳዋ ውስጥ ጌሾ ትወቅጣለች። ከቤቷ እስከ ጤና ጣቢያው የአምስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። በቃሬዛ ሲሆን ስድስት ሰዓት ይፈጃል። መካከሉ ላይ ቁልቁለትና ወንዝ አለ። ከሦስት ዓመት በፊት የመጀመሪያ ልጇን ስታምጥ ዐሥራ ስድስት ወንዶች እየተቀባበሉ ተሸክመዋት ነበር። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ሕፃኑ ሞቶ ተወለደ። እርሷ ተረፈች። በዚያ ጠዋት ነገሩ ሁሉ እንዲህ ነበር።

አንጓች ትባላለች። ባሏ መሪጌታ ልሳነወርቅ ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩ ሊቅ ናቸው። ጾም መቼ እንደሚገባ፣ በዓል በምን ቀን እንደሚውል ደብሩ ሁሉ የሚጠይቀው እርሳቸውን ነው። ተሳስተው አያውቁም።

የቀበሌዋ የጤና ሠራተኛ፣ «ከጤና ጣቢያው አጠገብ የነፍሰ ጡሮች ማቆያ ቤት አለ፤ ምጡን እዚያ ሆና ትጠብቅ፣ አሁኑኑ ትውረድ» ብላ ነበር። መሪጌታ ግን ቆጥረዋል። ቀኗ ኅዳር ሃያ ሦስት ነው አሉ። ኅዳር ሃያ አንድ፣ በጽዮን፣ የጽዋ ማኅበሩ ተራ የእርሳቸው ነው። «ሃያ አንድ ማኅበሩን ታስተናግዳለች፤ ሃያ ሁለት በበቅሎ አወርዳታለሁ።»

ክፉ ባል ናቸው? አይደሉም። ሚስታቸውን ይወዳሉ፤ ቁጥራቸውንም ይወዳሉ። ሁለቱ የተጣሉ አልመሰላቸውም።

በዚያ ጠዋት እማማ ጥሩቀለም የአንጓችን ሆድ ሊዳስሱ መጡ። የመንደሩ አዋላጅ ናቸው፤ መሪጌታን ራሳቸውን ተቀብለው እትብታቸውን የቆረጡ። ዳሰሱ፣ እንደገና ዳሰሱ። ከዚያ ወደ ደጅ ተጣሩ።

«አንተ ልሳነወርቅ! ይህችን ልጅ መቼ ነው የምታወርዳት?»

«ኅዳር ሃያ ሁለት፣ እማማ። ቆጥሬዋለሁ።»

«ከየት ጀምረህ?»

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከቅበላ እሑድ፣ ከየካቲት ሃያ አራት። በማግስቱ ዐቢይ ጾም ገባ። ከዚያ ወዲያማ… ያው ጾም ነው።»

«ጾምህን ማን ነካብህ? ከጥምቀት እስከ ቅበላስ የት ነበርክ?»

«እዚሁ ነበርኩ።»

«እዚሁ የት? የደብሩ ቤተ ልሔም ውስጥ ነበር የምታድረው?»

አንጓች ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ ሳቀች። መሪጌታ ወደ ጣራው አዩ።

«አርባ ሦስት ቀን አለ መካከሉ» አሉ እማማ። «አንተ የመጨረሻዋን ቀን ይዘህ ቆጠርክ። የመጀመሪያዋን ማን ይቁጠርልህ? ልጁ ዝቅ ብሏል። እጄ ከባሕረ ሐሳብህ ጋር አልተስማማም።»

«ማኅበሩስ እማማ? ጠላው አልተጠመቀ፣ ዳቦው አልተደፋ። በዓል እኮ ለሰው ሲባል አይነቃነቅም።»

እማማ መደቡ ላይ ተቀመጡ። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አንድ ነገር አስተምረኝና ልሂድ። አምና ልደት በስንት ዋለ?»

«ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ።»

«ዘንድሮስ?»

«ሃያ ስምንት።»

«ለምን?»

መሪጌታ ደስ አላቸው፤ የሚያውቁት ጥያቄ ነው። «ጳጉሜን ስድስት ሆና ወጣች። ከመጋቢት ሃያ ዘጠኝ፣ ከብሥራቱ፣ እስከ ልደቱ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው። ጳጉሜን አንድ ቀን ስትጨምር ልደት በሃያ ዘጠኝ ቢቆይ፣ እመቤታችን ከወሯ በላይ አንድ ቀን…» እዚህ ላይ ቆሙ።

«ጨርሰዋ።»

«…ከወሯ በላይ አንድ ቀን ትሸከም ነበር።»

«እኮ! የጌታ ልደት እንኳ ስለ እናቲቱ ወር ሲባል አንድ ቀን ወደዚህ ይመጣል። ያንተ ጠላ ከምን ቢጠመቅ ነው የማይነቃነቀው?»

እስካሁን ያልተናገረችው አንጓች ዘነዘናውን አስቀመጠች። «መሪጌታ፣ ያንን ወንዝ ዳግመኛ በቃሬዛ አልሻገረውም። በእግሬ ከሆነ ግን ዛሬም እሻገረዋለሁ። እንደፈቀዱ።»

መሪጌታ ጋቢያቸውን ለበሱና ወደ ማኅበሩ መሪ፣ ወደ ሙሴው ወደ አቶ ደምላሽ ቤት ሄዱ። አቶ ደምላሽ ሰምተው ሲያበቁ፣ «ይህንን ለመጠየቅ ነው ይህን ሁሉ ዳገት የወጡት? ጽዋው እኔ ቤት ይምጣ። የተወቀጠውንም ጌሾ አብረው ይላኩት፤ የእኛ ቤት ጌሾ ዘንድሮ ሻግቷል» አሏቸው።

ኅዳር ሰባት ቀን ወረዱ። መሪጌታ የበቅሎዋን ልጓም ይዘው ከፊት ከፊት ሄዱ። ወንዙ ዳር አንጓች፣ «ያውርዱኝ» አለች። ባሏን ትከሻቸውን ይዛ፣ ውኃው እስከ ጉልበቷ ደርሶ፣ በእግሯ ተሻገረች።

ኅዳር ዐሥራ አንድ ቀን ምጥ መጣ። በመሪጌታ ቁጥር ገና ዐሥራ ሁለት ቀን ይቀራል። ሴት ልጅ ተወለደች፤ አለቀሰችም። ከዚያ ግን የእናቲቱ ደም አልቆም አለ። ነርሷ መርፌ ወጋቻት፣ ማሕፀኗን በእጇ እያሸች ያዘችው። ደሙ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ቆመ።

ምእመናን፣ ልብ በሉ። ሃያ ደቂቃ! ቃሬዛው ስድስት ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት የሚደማ ሰው ይተርፋል? ይህን ለእናንተ አልመልስላችሁም፤ መልሱን ከየቤታችሁ ታውቁታላችሁ።

እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ወራቸውን በበዓላት ይቆጥሩ ነበር። «በአስተርእዮ ያዝኩ፣ በጽጌ እወልዳለሁ» ትል ነበር እናት። መልካም ቁጥር ነው፤ የእመቤታችንን መንገድ እያሰቡ መሄድ ነው። ቁጥሩን አልነቅፍም፤ እኔም በእርሱ ተቆጥሬ ነው የተወለድኩት። ነገር ግን ቁጥሩ ለምን ተሰጠን? እናቲቱን ልናስርበት ነው ወይስ ልንጠብቅበት?

ነፍሰ ጡር ስታዩ ምን ትላላችሁ? «ማርያም ትቅረብሽ» ትላላችሁ። መልካም ምርቃት ነው። እናንተስ ቀርባችኋል? ምርቃቱን ሰጥታችሁ ውኃውን እርሷ ስትቀዳ ታያላችሁ? ስትወልድ ደግሞ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ምሕረት ከላይ ነው። ሲወርድ ግን በሰው እጅ ይወርዳል፤ በአዋላጅ እጅ፣ ልጓም በያዘ ባል እጅ፣ «ጽዋው እኔ ቤት ይምጣ» ባለ ጎረቤት እጅ።

እናንት ባሎች፣ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ሚስታችሁን አንድ ነገር ጠይቋት። «ቀንሽ መቼ ነው?» አትበሏት። «የምትፈሪው ምንድን ነው?» በሏት። መሪጌታ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህንን አልጠየቁም ነበር፤ የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፣ እያፈሩ።

እናንት ማኅበርተኞች፣ ተራው የነፍሰ ጡር ቤት ሲደርስ ሳትለመኑ ተቀበሉት። የእነ አቶ ደምላሽ ማኅበር ይህንን ደንብ አድርጎታል። ደንቡ በወጣበት ዓመት ከዚያ ደብር ዐሥራ አንድ ነፍሰ ጡሮች ወደ ማቆያው ቤት ወረዱ። ዐሥራ አንድ እናቶችና ዐሥራ ሁለት ሕፃናት ተመለሱ፤ አንዷ መንታ ወልዳ ነበርና።